ዓባይን የተሻገረ ጥሩምባ

ደብረ ማርቆስ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለየኔአለም፣

ሰላምታዬን የት ላድርገው? ሦስት ወረቀት ቀድጄ ጥያለሁ። «እንደምን ሰነበትሽ» ብዬ እንዳልጀምር፣ እንዴት እንደሰነበትሽ እያወቅሁ መጠየቁ ማላገጥ ይሆንብኛል። «እኔ ደህና ነኝ» እንዳልል ውሸት ነው። እንግዲህ የሰላምታውን ቦታ ባዶ ትቼዋለሁ፤ ሆድሽ የራራልኝ ቀን ይሞላል።

ስልክሽ ላይ አሥራ አንድ ጊዜ ደወልኩ። አለማንሳትሽ አይፈረድብሽም፤ እኔም ብሆን አላነሳም። ስለዚህ ይቺን ወረቀት የአዲስ አበባን መስመር ለሚነዳው ለጌቾ ሰጥቼዋለሁ፣ በእጇ ስጣት፣ ለዘበኛ እንዳትተውብኝ ብዬ። «እትየ አገሬ፣ በዚህ ዘመን ወረቀት?» ብሎ ሳቀብኝ። «ጣቴ የሚጫነውን ነገር ከእንግዲህ አላምነውም» አልኩት። እሱ አልገባውም፤ አንቺ ይገባሻል።

ልጄ፣ የእናትሽን መርዶ ጎህ ሲቀድ፣ በሽማግሌ አፍ፣ ሰው ግራ ቀኝሽን ደግፎሽ መስማት ሲገባሽ በእኔ ጣት ሰማሽው። ያውም አንቺው ለዕድራችን በሠራሽልን ዌብሳይት፣ አንቺው ባስተማርሽኝ ጽሕፈት። ይሄን በእጄ ሳልጽፈው ሌላ ወሬ ባወራ እንዳላፍር ብዬ አስቀደምኩት።

በለቅሶው ሦስቱን ቀን ከድንኳኑ ጀርባ ሳህን ሳጥብ ነው የከረምኩት። ሴቱ ሁሉ «የዕድሩ ጸሐፊ ከሳህን ምን አገባት? መዝገቧን ይዛ አትቀመጥም?» ይላል። መዝገቡን ይዤ ብቀመጥ ፊት ለፊትሽ ነው የምቀመጠው። ከእናትሽ ከዘሪቱ ጋር ሃያ ስምንት ዓመት አንድ አጥር ተጋርተን፣ እሷ ገበያ ስትወጣ አንቺን አዝዬ በአንድ እጄ የልብስ ስፌት መኪናዬን እያዞርኩ፣ ለእሷ ደረቴን መምታት ሲገባኝ እንባዬን ሳህን ላይ ጨረስኩት። በሰልስቱ ማግስት ሁሉን ስመሽ፣ እኔን ሳትጠይቂ ወጣሽ። በጓሮ በር በኩል አየሁሽ። አጎትሽ አያ ደመላሽ ሻንጣሽን ጫነልሽ፤ ልትገቢ ስትይ አንዴ ወደ አጥራችን ዞር አልሽ። እኔን ፈልገሽ ነው ወይስ የእናትሽን በር ልትሰናበቺ? እስከ ዛሬ ሳወጣ ሳወርደው ነው።

አንድ ነገር ልንገርሽና ላብቃ። ትናንት ዌብሳይቱን ልከፍት ብሞክር «የይለፍ ቃሉ ትክክል አይደለም» አለኝ። ደጋግሜ ጻፍኩት፣ መነጽሬን ጠርጌ ጻፍኩት፤ እንቢ አለኝ። ቆልፈሽብኝ ከሆነ ሐቅሽ ነው። ግን ልጄ፣ እሷ ከላይ ናት። አዲስ ነገር ካልተጻፈ አሮጌው ወደ ታች አይወርድም ብለሽ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። «የዋንዛው ሥር መረዳጃ ዕድር» ብሎ የሚከፍት ሁሉ፣ ድንኳን ፈልጎ ይሁን ወንበር ፈልጎ፣ መጀመሪያ የሚያየው የዘሪቱን ፎቶና ከሥሩ ያንን እኔ የጻፍኩትን ነው። ቀኑ በገፋ ቁጥር አፈር ሳትለብስ የቀረች ይመስለኛል። ልትቀጪኝ ብለሽ ከሆነ ቅጣቱ ደርሶኛል።

ጎረቤትሽ አገሬ

*

ደብረ ማርቆስ፣ ጥቅምት 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ልጄ የኔአለም፣

የላክሽው ብጣሽ ወረቀት ደረሰኝ። ሁለት መስመር ናት፤ ሁለት መስመርም ብትሆን ከአንቺ እጅ ስትመጣ ለእኔ ደብዳቤ ናት። «ቆሜ ነው የጠበቅኳት፣ የመኪናው ጎን ላይ አስደግፋ ጻፈችው» አለኝ ጌቾ። የጠየቅሽኝን እመልሳለሁ። አሳጥሬ መናገር እንደማልችል ታውቂያለሽ፣ ታገሺኝ።

የጻፍኩበት ሰዓት ከቀኑ ስምንት ተኩል ነው። ጻፊ ያለኝ ሰው የለም። ማንም አላለኝም።

እናትሽ ማክሰኞ አምስት ሰዓት ላይ አረፈች። ቀብሩ ለረቡዕ ዘጠኝ ሰዓት ተባለ፣ አንቺ እንድትደርሺ። አዲስ አበባ ያሉት ዘመዶቻችሁ ጎህ ሲቀድ ቤትሽ መጥተው ሊያረዱሽ፣ ከዚያ በመኪና ይዘውሽ ሊመጡ፣ አያ ደመላሽ በስልክ ሁሉን አሰናድቶ ነበር። የዕድር ዳኛ አይደል፣ የሰው መርዶ ሲያሰናዳ የኖረ ሰው ለእህቱ ልጅም አንዲት አላጎደለም።

ከዚያ የሰፈራችን ለፋፊ አያ ካሴ ጥሩምባውን ይዞ መጣ። ልማዱን ታውቂያለሽ፤ በር ላይ ቆሞ ሳይጠይቅ አይነፋም። «መርዶ የቀረው አለ?» ይላል። አለ ከተባለ ያ ሰው ያለበትን መንገድ ይዘላል፤ ወይ ጭራሽ እስኪነገረው ድረስ ጥሩምባውን ጋቢው ውስጥ ይዞ ይቀመጣል። ያን ቀንም ጠየቀ። አያ ደመላሽ «የኔአለም አለች፣ ለነገ ጎህ ነው» አለው። ካሴ አሰብ አደረገና «አዲስ አበባ ናት እኮ። እንግዲያማ ልንፋው፤ የእኔ ጥሩምባ ዓባይን አይሻገር» አለ።

እኔ እዚያው ነበርኩ፤ በሁለቱ መካከል ቆሜ በጆሮዬ ሰማሁ። አልሰማሁም፣ አላወቅሁም ብል በቀለለኝ ነበር።

እሱ ሲነፋ እኔም «ድርሻዬን ልሥራ» ብዬ ቤቴ ገባሁ። አየሽ፣ ለእኔ ዌብሳይቱ የሰፈር ነው። አስተያየት የሚጽፉልኝ የሰፈር ሰዎች፣ መንገድ ላይ አስቁመው «አገሬ፣ ትናንት ፊደል ገድፈሻል» የሚሉኝ የሰፈር ሰዎች። ጥሩምባ ነው ብዬ ነው የያዝኩት። የእኔኛው ጥሩምባ ዓባይን እንደሚሻገር፣ ያውም መንገድ ሳይጠይቅ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ውል አላለኝም። አንቺ «እትየ፣ ዜና ትኩሱን ነው፣ ያልታደሰ ዌብሳይት የተዘጋ ሱቅ ነው» ትይኝ ነበር። አንቺን ለመውቀስ አይደለም የማነሳው። ቃልሽን ጠብቄ ነው የመታሁሽ ለማለት ነው።

ደግሞ የሚያንገበግበኝን ልንገርሽ? አሳመርኩት። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ፎቶዋን መሀል አደረግሁ፣ አርእስቱን ትልቁን ፊደል መረጥኩለት፣ ጥግና ጥጉን እንዳስተማርሽኝ እንደ ቀሚስ ዘርፍ አስተካከልኩ። ሰማያዊዋን ቁልፍ ስጫን «ዘሪቱ፣ ይኸው አማረብሽ» አልኩ። ከኀዘኑ ሥር ትንሽ ኩራት ነበረችበት፣ ልጄ። ይቅር በይኝ አልልሽም፤ ገና ነው። እንድታውቂው ብቻ።

አገሬ

*

አዲስ አበባ፣ ጥቅምት 27 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእትየ አገሬ፣

እርስዎ ባዶ የተዉትን ቦታ ገና መሙላት አልቻልኩም። ስለዚህ እኔም እዘለዋለሁ።

እውነቱን ስለነገሩኝ እኔም የእኔን ልንገርዎ። ያን ቀን የት እንደነበርኩ የጠየቀኝ ሰው የለም። ሁሉም «በስልኳ አየችው» ይላል። በስልኬ አይደለም።

እኔና ጓደኛዬ መቅዲ የምንሠራውን ያውቃሉ። ለማኅበራት፣ ለትምህርት ቤቶች፣ ለበጎ አድራጎት ድርጅቶች ዌብሳይት እንሠራለን። የምንሠራው ለብሎግ መጻፊያ ተብሎ በተዘጋጀ ሶፍትዌር ነው፤ አንድ ጊዜ ለእርስዎ «ተሰፍቶ ያለቀ ቀሚስ ነው፣ እኛ ጥልፉን ነው የምንመርጠው» ያልኩዎት። ያምራል፤ ከማማሩ በላይ ግን ባለቤቱ ራሱ እየጻፈ ያድሰዋል፣ በየሳምንቱ እኛን መጥራት የለበትም። ይሄን ስንናገር ሰው አያምነንም። «የእኛ ጸሐፊ ኮምፒውተር አይችልም» ይሉናል። ያኔ የእናንተን ዕድር እናሳያለን። ሁልጊዜ እሱን ነው የምናሳየው።

ያን ማክሰኞ የንብ አናቢዎች ማኅበር ሰዎች መጥተው ነበር። ዘጠኝ ሰዎች ናቸው፤ ገጹን ግድግዳው ላይ አስፍተን ከፍተነዋል፣ የማስረዳው እኔ ነኝ። «ይሄን የሚጽፉት ደብረ ማርቆስ ያሉ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ የተማሩት እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው፤ ኮምፒውተር ነክተው አያውቁም ነበር» አልኩ። ሰዎቹ ተያዩ። ደስ አለኝ። «አዲስ ነገር ሲጽፉ ወዲያው ከላይ ይመጣል፣ እንዲህ» ብዬ ገጹን አደስኩት።

እናቴ ከላይ መጣች።

ግድግዳውን ታክላለች። ከላይዋ «ዜና ዕረፍት» ይላል። ከሰዎቹ አንዱ፣ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ቀና ብለው አይተው «ወይ ጉድ፣ እንዴት አሳምረው ጽፈውታል!» አሉ። የማን እናት እንደሆነች በምን ያውቃሉ። ከዚያ ክፍል ውስጥ የምታውቃት መቅዲ ብቻ ናት። ዞሬ ሳያት አፏን በሁለት እጇ ይዛ ነበር።

ስለዚህ፣ እትየ፣ «አሳመርኩት» የሚለው ላይ ስደርስ ወረቀቱን አጥፌ አስቀመጥኩት። አዎ፣ አምሮ ነበር።

የይለፍ ቃሉን የቀየርኩት እኔ ነኝ። ለምን እንደቀየርኩት ግን ግምትዎ አልደረሰበትም፤ ዛሬ አልነግርዎትም። የምጠይቅዎት ሌላ ነገርም አለ። እሱንም ዛሬ አልጠይቅዎትም።

የኔአለም

*

ደብረ ማርቆስ፣ ኅዳር 1 ቀን 2018 ዓ.ም.

ልጄ፣

ስለ ንብ አናቢዎቹ የጻፍሽውን ሁለተኛ ጊዜ ላነበው አልቻልኩም።

የምጽፍልሽ ስላልጠየቅሽው ጥያቄ ነው። የገመትኩት ይመስለኛል። ከጠየቅሽኝ በኋላ ብናገረው ኑዛዜ አይባልም፣ ተይዞ ማመን ነው የሚባለው። ስለዚህ ልቅደምሽ።

እናትሽ የታመመችው መስከረም ላይ አይደለም። ለለቅሶ ለመጣው ሁሉ «ድንገት ነው፣ ሳምንትም አልተኛች» አልን። ግንቦት መጨረሻ ነው። እሷ «ሆዴን ነው» አለች፤ ሐኪሙ ሌላ ስም ሰጠው። ሰኔ ላይ ሰውነቷ ጎደለ፤ ቀሚሷን ሁለት ጊዜ አጠበብኩላት። ሁለተኛውን ስለካት «ጨርቁን አትቁረጪው፣ አጥፈሽ ስፊው፤ ስወፍር ይፈታል» አለችኝ። አጥፌ ሰፋሁት። እስከ መጨረሻው አልተፈታም።

ትዝ ይልሻል፣ ሰኔ ላይ ደውለሽ «እትየ፣ የእናቴ ድምፅ ምን ሆኗል?» አልሽኝ። «ጉንፋን ነው» አልኩሽ። አጠገቤ ተኝታ አፌን በእጇ ልትይዘው ትንጠራራ ነበር፤ እንዳይደረስባት ፈርታ። አስምላኛለች። «ልጄ ሥራው ገና አሁን ነው የተያዘላት። ቀና ስል ትመጣለች፤ ተኝቼ እንዳታየኝ» አለች። «ድምፄን ካልሰማች ትጠረጥራለች፤ መልኬን ካላየችም ትጠረጥራለች። አንቺ ደግሞ ያ ጽሕፈትሽ አለልሽ።»

ፎቶዎቹን የመረጠቻቸው እሷ ናት። ስልኬን ትራሷ ላይ አስደግፋ እያገላበጠች ትስቅ ነበር። ይቺ ትከሻዬን አጎበጠችው፣ ይቺ አሮጊት አስመሰለችኝ፤ ባል የምትመርጥ ነበር የምትመስለው። አምና ሳህን ስንቆጥር የተነሳነውን ስታገኝ «ይቺን አውጪ! ጥርሴ ያማረባትን» አለች። ሐምሌ ላይ አወጣኋት። «የዕድራችን እናቶች ዛሬ ሳህን ሲቆጥሩ» ብዬ ጻፍኩ። ዛሬ አልኩ፣ ልጄ። ነሐሴ ላይ ሌላ አወጣሁ፣ ለመስቀል ሌላ። ያንን አይተሽ ትደውዪና «እማ፣ አየሁሽ፣ ወፈርሽ እኮ!» ትያታለሽ። ስልኩን ከዘጋች በኋላ «ወፈርሽ አለችኝ» ብላ ትስቃለች። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች።

ያኔ ደግ የሠራሁ መስሎኝ ነበር። አሁን ስፌቱን ገልብጬ ሳየው ሌላ ነው። ሦስት ወር ሙሉ በዚያ ዌብሳይት «ደህና ናት» እያልኩ ዋሸሁሽ። እውነት የተናገርኩበት አንድ ቀን ቢኖር ያ ማክሰኞ ነው፤ እሱም ዝም ማለት የነበረብኝ ቀን። ዝም የምልበትንና የምናገርበትን አገላብጬ ሰፋሁት።

ሐምሌ ላይ ብትመጪ ቁጭ ብላ ታወራሽ ነበር። ነሐሴ ላይም ብትመጪ ታውቅሽ ነበር። እነዚህን ቀኖች የወሰድኩብሽ እኔ ነኝ። መሐላው ሰበብ ነው፤ ሰው ለስንቱ ትንሽ ነገር መሐላውን ያፈርሳል።

አርባዋ ኅዳር 13 ቅዳሜ ነው፣ የነቢያት ጾም ሳይገባ። ነይ ብዬ ለመለመን አፍ የለኝም።

አገሬ

*

አዲስ አበባ፣ ኅዳር 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእትየ አገሬ፣

ደብዳቤዎን እስከ ቀሚሱ ድረስ እኔ አነበብኩት። ከዚያ በኋላ ያለውን ያነበበችልኝ መቅዲ ናት።

ግን ተሳስተዋል። ልጠይቅዎት የነበረው ይሄንን አይደለም። የተናዘዙልኝን ዐውቀው ነበር።

ግንቦት ላይ በረዶ ጥሎ የዕድሩን ድንኳን ቀደደው። እርስዎ ሰማያዊ ሸራ ጣፉበት፣ ከዚያ «እራፊው ከድንኳኑ ይበልጣል» ብለው ጻፉ፤ ፎቶውን ከአራት አቅጣጫ አንስተው። እኔና መቅዲ ስንስቅ ዋልን። ሐምሌ ላይ «ዛሬ ሳህን ሲቆጥሩ» ያሉት ፎቶ ላይ እናቴ ድንኳኑ ፊት ቆማለች። ከጀርባዋ ያለው ሸራ ዳር እስከ ዳር ነጭ ነው። ሰማያዊው እራፊ የለም። የራስዎን ስፌት እርስዎ ረሱት፣ እኔ አየሁት።

አየሁና ገጹን ዘጋሁት። የነሐሴውንም አየሁ። የመስቀሉንም አየሁ። አንድ ፎቶ መቼ እንደተነሳ ማየት ከፈለጉ እዚያ ሶፍትዌር ላይ አንድ ጊዜ መጫን ነው፤ ለየማኅበሩ የማስተምረው እኔ ነኝ። አልተጫንኩትም። ብጫነው ማወቅ ሊሆን ነው፤ ካወቅሁ መምጣት ሊሆን ነው፤ ብመጣ ተኝታ ማየት ሊሆን ነው። ሥራ በዛብኝ አልኩ። ደወልኩና «እማ፣ ወፈርሽ» አልኳት። እርስዎ መሐላ ይዞዎት ዋሹ። እኔን ማንም አላስማለኝም።

ልጠይቅዎት የነበረው ይሄ ነው፤ ታውቅ ነበር? «ወፈርሽ» ስላት፣ ፎቶው የድሮ መሆኑን እያየሁ መሆኔን እናቴ ታውቅ ነበር?

የይለፍ ቃሉን ልቀጣዎ ብዬ አልቀየርኩም። አንድ ነገር ቢጽፉ እናቴ አንድ ደረጃ ትወርዳለች፤ ሁለት ቢጽፉ ሁለት፤ ከዚያ «የቆዩ ጽሑፎች» የሚለው ውስጥ ትገባለች። እሱን ማየት አልቻልኩም። ሁለት ዓመት ሙሉ እናቴን የጠየቅኋት እዚያ ገጽ ላይ ነው እንጂ ቤቷ መጥቼ አይደለም። ቤቷ ያ የሆነ ያህል ነው የምሳሳለት።

አሁን ከፍቼዋለሁ። የይለፍ ቃሉ የድሮው ነው፣ የእሷ ስም። አንድ ነገር ብቻ ለውጫለሁ። ከእንግዲህ እርስዎ የጻፉት ወዲያው አይወጣም፤ ረቂቅ ሆኖ ይቀመጣል። ሌላ ሰው መጥቶ ሰማያዊዋን ቁልፍ ካልተጫነ ማንም አያየውም። ሌላውን ሰው እርስዎ ይምረጡት።

ስለ አርባው አላውቅም። የመጣሁ እንደሆነ የማየው ሁሉ «ሐምሌ ላይ ብትመጪ» ይለኛል።

የኔአለም

*

ደብረ ማርቆስ፣ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ልጄ የኔአለም፣

ጌቾ ነገ ማለዳ ይወጣል፣ ስለዚህ ላሳጥር። አዎ፣ እኔ!

እራፊውን ሳነብ ተነስቼ ፎቶውን አየሁት። ልብስ ሰፊ ነኝ ብዬ አሁን ደግሞ ልናገር ይሆን? ሰው ቀሚስ ቀዶ ቢመጣ የማን እጅ እንደሰፋው በጨለማ በዳበሳ እለያለሁ፤ የራሴን ሰማያዊ ሸራ ግን አጣሁት።

ለጥያቄሽ መልስ አለኝ። ከእሷ አፍ የሰማሁት ነው፣ አንድም ቃል የእኔ አይደለም። ነገር ግን በወረቀት አልጽፈውም። ስልክሽን ብታነሺም አልነግርሽም፤ በዚያ በተረገመ ሰማያዊ ቁልፍማ ጨርሶ። አንድ ጊዜ ተምሬበታለሁ። የቀረ መርዶ ነው፤ መርዶ ደግሞ ጎህ ሲቀድ፣ እጅ ተይዞ፣ በአፍ ነው። የምነግርሽ እኔ ነኝ። አዲስ አበባ ድረስ ነይ ካልሽኝ ከጌቾ ጎን ተቀምጬ እመጣለሁ፤ መኪና እንደሚያዞረኝ ታውቂያለሽ፣ እመጣለሁ ግን። እዚህ ብትመጪ ደግሞ በሬን ሳልዘጋ አድራለሁ።

ሌላውን ሰው መርጫለሁ፤ አያ ካሴ ነው። ስነግረው «አንቺ ሴት፣ ፊደል አልቆጠርኩ! ምኑን አይቼ ነው የምጫነው?» ብሎ ጮኸብኝ። «ማንበቡን ለእኔ ተወው፤ አንተ በር ላይ የምትጠይቀውን ጠይቅና ተጫን» አልኩት። ጣቶቹን ዘርግቶ አያቸው። ከዚያ «ጣቴ ሻካራ ነው፣ ዕቃው አይሰበርም?» አለ።

አገሬ

*

ደብረ ማርቆስ፣ ኅዳር 23 ቀን 2018 ዓ.ም.

ልጄ የኔአለም፣

እንደምን ሰነበትሽ? ይኸው ጻፍኩት። ባዶውን ቦታ ሳላስፈቅድሽ ሞላሁት፤ ካልወደድሽው ሰርዢው።

ደህና መግባትሽን ጌቾ ነገረኝ። «ዓባይን እስክንወርድ ዝም፣ ከተሻገርን በኋላ ግን ወሬ ጀመረች» አለኝ። ምን እንዳወራሽው አልጠየቅሁትም፤ ጨዋ ሆኛለሁ።

አርባው አልፎ ሰው ሁሉ «ከየኔአለም ጋር ታረቃችሁ?» ይለኛል። ምን ብዬ ልመልስ? እኔ ይቅርታ አልጠየቅሁሽም፣ አንቺም ይቅር አላልሽኝም። ከድንኳኑ ጀርባ መጥተሽ እጅጌሽን ሰበሰብሽና አጠገቤ ተቀመጥሽ። «ሳህን አጠብን» ነው የምላቸው። እውነቱም እሱ ነው። ደግሞ እንዳስተዋልኩት ያጠብሽውን ሁሉ እኔ እንደገና ሳለቀልቀው ነበር፤ አዲስ አበባ ሳህን ማጠብ አስረስቶሻል።

ጎህ ሲቀድ የነገርኩሽን እዚህ አልደግመውም። አንድ ነገር ብቻ፤ እራፊው አለመኖሩን ከአንቺም ከእኔም በፊት ያየ ሰው እንደነበረ ስነግርሽ እጄን እንዴት እንደጨመቅሽው እስከ ዛሬ ጣቴን ያመኛል። ይመመኝ። እናትሽ «አይታዋለች፤ ተይው፣ አታውርጂው» ስትለኝ ምኑን እንደሆነ ያኔ አልገባኝም፤ ቅያሜ ግን ፊቷ ላይ አልነበረም፤ እሱን ደግሜ እምልልሻለሁ። መሐላዬን የምታምኚው ከሆነ።

አሁን ወደ ጠየቅሽኝ ልምጣ። አዎ፣ ጽፌያለሁ። አዎ፣ ወርዳለች።

እንዲህ ነው የሆነው። ከአማኑኤል ከተማ ሰዎች መጥተው ለጥር ሠርግ ድንኳናችንን ያዙ። ዌብሳይቱን አይተው ነው የመጡት። ሲያናግሩኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እኒያ ከላይ ያሉት እናት፣ ነፍስ ይማር» አሉኝ። ለሠርግ የመጣ ሰው አንገቱን ደፍቶ። ያኔ ነው ይበቃታል ያልኩት። ያወጣኋት ሰው አይቶ እንዲያለቅስላት ነው እንጂ ዘላለም በር ላይ እንድትቆም አይደለም።

ድንኳኑ ለጥር ሠርግ መያዙን ጻፍኩና ረቂቅ አድርጌ አስቀመጥኩት። አያ ካሴ መጣ። ጥሩምባውን ይዞ ነው የመጣው! «ምን ሊያደርግልህ?» አልኩት። «ያለሱ መጠየቅ አልለመድኩም» አለ። በር ላይ ቆመ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ቤት ውስጥ ብቻዬን መሆኔን እያየ እንደ ለቅሶ ቤት «መርዶ የቀረው አለ?» አለ።

ልስቅ ነበር። ከዚያ ሳልስቅ «አለ» አልኩት።

«ማን?»

«ዘሪቱ።»

አላገጥሽብኝ የሚል መስሎኝ ነበር። ጥሩምባውን ጋቢው ውስጥ ከተተና «እንግዲያማ ይነገራት፤ እኔ እጠብቃለሁ» ብሎ ሄደ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። መቃብሯ ራስጌ ተቀምጬ ነገርኳት። «ዘሪቱ፣ ዛሬ አንድ ደረጃ ትወርጃለሽ። የአማኑኤል ሰዎች ልጃቸውን ሊድሩ ነው፤ ልጅሽ ታውቃለች፣ መጥታ አይታሻለች» አልኳት። ሌላም አልኳት። እሱ የእኔና የእሷ ነው።

ስመለስ ካሴ ደጃፌ ላይ ተቀምጧል። «ተነገራት?» «ተነገራት።» ጣቱን በጋቢው ጠረገና ተጫነ። ትንሽ ጠብቆ «ይሄው ነው? ድምፅ የለውም?» አለ። ቅር ነው ያለው።

ጊዜ ስታገኚ ክፈቺና እዪው። ካሴና እኔ ድንኳኑ ፊት ቆመናል፤ እሱ ጥርሱን ሸሽጓል፣ እኔ ነጠላዬ ተዛንፏል። አላሳመርኩትም። ፎቶው የዛሬ ነው፣ ልጄ። በቀኝ በኩል ከትከሻዬ በላይ ተመልከቺ፤ እራፊው አለ።

አገሬ